የእማማ ቤዛ ፊት

የኤልዳና ፎቶ ቤት የሚከፈተው ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ የወንበሩን እግር ስትነካ ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ደንበኛ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚያጉረመርም የለም። ብርሃኑ ወንበሩን አልፎ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሥራ ያበቃል። ደመና ያንዣበበ ዕለት ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ከእንሰት ቃጫ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ጥላሸት ነው። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ተጣርቶ ደጅ ላይ ያለችውን የጊሽጣ ዛፍ ያጠጣል። በመስኮቱ መስታወት ላይ ውሃ ለማያባክኑ የሚሰጠው የአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ተለጥፏል። በሐዋሳ ቅጠል ያላቸው ፎቶ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ እንደ ኤልዳና አንድም ቀን ሳይነጠቅ የኖረ ግን የለም።

ሥራው ቀላል ነው። ደንበኛው ይቀመጣል። ኤልዳና ፊቱን፣ ትከሻውን፣ የእጁን አስተጣጠፍ አየት ታደርግና ወደ ምስል ሰሌዳዋ ዞራ፣ የሁሉም ሰው የቀድሞ ፎቶ ከተከማቸበት ማኅደር የሚመስለውን ትፈልጋለች። ድሮ የተነሣ የሌላ ሰው ትከሻ ይገኛል፤ ልኩ ከሆነ እሱን ትወስዳለች። ጋቢውን ከአንዱ፣ ፈገግታውን ከሌላው። መጨረሻ ላይ፣ ግድ ከሆነ ብቻ፣ ካሜራዋን አንሥታ ከደንበኛው ዓይን ጥቂት ትቀዳለች። ይህ እድሳት ይባላል። ደንበኛው የወጣለትን ፎቶ ያያል፣ «አምሮብኛል» ይላል፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ትኩስ ፎቶ የሚነሣው ማኅደሩ ውስጥ አቻ ለሌለው ነገር ብቻ ነው። አቻ የሌለው ነገር ደግሞ እየጠፋ ሄዷል። «ትኩስ ፎቶ ሐይቅ ይጠጣል» እያሉ ይዘምራሉ የከተማው ልጆች ገመድ ሲዘሉ። ማኅደሩ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ያለማቋረጥ ይግላል፣ የሚያበርደውም የሐይቁ ውሃ ነው። ኤልዳና ልጅ ሳለች ሐይቁ ሸሽቶ ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተጋድመው አይታለች። ውሃው የተመለሰው እድሳት ከታወጀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራዋን የምትሠራው ሕግ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ታምንበታለች።

በየሰው ኪስ ያለውም ካሜራ የሚቀዳው ከዚያው ከማኅደሩ ነው። ሰዎች ሲደዋወሉ እንኳ የሚጓዘው ድምፅ ብቻ ነው፤ ፊቱን ማኅደሩ ያለብሰዋል። ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያወራው ግን የለም። ስለ ቧንቧ ማን ያወራል?

ባሮክ የመጣ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጢሙ የሸበተ፣ ፊቱ በሙቀት የጠቆረ ሰው ነው። አግዳሚው ላይ ለመጠበቅ አልቀመጥም ብሎ ገባና የአንዲት አሮጊት ፎቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ኤልዳና አየችው። ሰፊ ጉንጭ፣ ረጋ ያለ ፈገግታ፣ አንገት ላይ የተጣለ ነጠላ። «እማማ ቤዛ ናቸው። አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። አንተ ልጃቸው ነህ? አፋር ያለኸው?»

«እዚያ እንፋሎት ማመንጫው ላይ ነው የምሠራው። የመንገድ ተራ ለምኜ፣ ለምኜ ነው የመጣሁት።» ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «እናቴ ጠፍታለች፣ እትዬ። መርሳት ጀምራ ነበር። ከቤት እንደወጣች አልተመለሰችም።»

«ውይ በሞትኩት! ፈላጊ አልወጣም እንዴ?»

«ወጥቷል። ይህን ፎቶ በከተማው ሁሉ በተኑት። ከየአቅጣጫው ይደውላሉ፤ አየናት ይላሉ። እሄዳለሁ። ሁሉም እሷን ይመስላሉ። አንዷ በአፍንጫዋ እናቴ ናት፣ አንዷ በአቀማመጧ። እንዴት ሁሉም እሷን ይመስላሉ?»

«አሮጊት ሁሉ ይመሳሰላል መቼስ...»

«አይመሳሰልም» አለ ባሮክ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ እናቴን በአካል ያየኋት ጢም ሳላበቅል ነው። ከዚያ በኋላ የማውቃት በፎቶና በስልክ ነው። እና አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ከዚህ ፎቶ ላይ የእናቴ የቱ ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ኤልዳና ሰሌዳዋን ሳበችና የፎቶውን አመጣጥ ከፈተች። ነጠላው ከአንዲት የይርጋለም ሴት ነው። ትከሻው፣ ጉንጩና ፈገግታው ሦስቱም ከአንድ የድሮ ፎቶ የመጡ ናቸው፤ ልጇን ከዳረች እናት። እጆቹ ከየት እንደሆኑ አልታወቀም።

«ዓይኑ» አለች። «ዓይኑን ከራሱ ከሰውየው ነው የምንቀዳው።»

ከዚያ የዓይኑን አመጣጥ ከፈተች። ያን ዕለት በሥራ መሃል ደመና ስለጋረደ ዓይናቸው የተወሰደው ከቀድሞው ፎቷቸው ነበር። የቀድሞው ደግሞ ከሌላ ቀድሞ። ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደች። መጨረሻው ላይ ባዶ ገጽ መጣ፤ ውሃ ያጠረ ጊዜ ትኩሱ ፎቶ ከማኅደሩ ተሰርዟል።

ኤልዳና ባዶውን ገጽ ብዙ አየችው። እማማ ቤዛ እኮ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጭር ነበሩ? ቀጭን? ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት ፎቶው ነው፤ ሰፊው ጉንጭ፣ ረጋ ያለው ፈገግታ። ግድግዳው ላይ የራሷ እናት ፎቶ ተሰቅሏል። ወደሱ ቀና ልትል አለችና ተወችው።

«እንጃ» አለችው ለባሮክ። «እንጃ ወንድሜ። አብሬህ ልፈልግ።»

የዚያን ዕለት ጥቆማ የመጣው ከአሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው ዳር ነበር። አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። ኤልዳና ከሩቅ አይታቸው ቆመች። ጉንጩ እሱ ነው። ፈገግታው እሱ ነው። ፎቶው ተነሥቶ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ መሰላት። ባሮክ ቀስ ብሎ ቀረበና ተንበረከከ።

«እማዬ?»

አሮጊቷ አዩት። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣመመ እንጂ ቃል አልወጣቸውም፤ የሆነ ሕመም ድምፃቸውን ወስዶታል። እጃቸውን ሰደዱና የባሮክን ጉንጭ ዳሰሱ። ባሮክ አለቀሰ። ኤልዳና ከኋላ ቆማ ደስ ሊላት ሞከረች፤ ደስ አላላትም፣ አላዘነችምም፤ የሆነ ሰው ቤት በስሕተት ገብታ የተቀመጠች ያህል ተሰማት።

የምስልና ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አቶ ካሌብ በብስክሌት ደረሰ። ኤልዳናን ያውቃታል፤ መስኮቷ ላይ ያለውን ቅጠል የለጠፈላት እሱ ነው። ሰሌዳውን አሮጊቷ ፊት ላይ ያዘና አነበበው።

«ተገኝተዋል። እንኳን ደስ ያላችሁ። ፍለጋው ተዘግቷል።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ኤልዳና።

«እኔማ ምን አውቃለሁ? ማኅደሩ ነው እርግጠኛ የሆነው።» ሳቀላት። «ከፎቶሽ ጋር ቁርጥ ናቸው፤ ጎበዝ ነሽ።»

በጋሪ ጭነው ወደ እማማ ቤዛ ቤት ወሰዷቸው። ጎረቤታቸው እማማ ሄለን ከደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከደጃፉ አልፈው አይሄዱም፤ የባሮክን መንገድ ሲጠብቁ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። ጋሪው ቆሞ አሮጊቷ ሲወርዱ እማማ ሄለን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ።

«እኚህን ደግሞ ከየት አመጣችኋቸው?»

«እማዬ ናት እኮ» አለ ባሮክ።

«ቤዛ? ምን ነካህ አንተ ልጅ! እኔ ከቤዛ ጋር ዕድሜ ልኬን ኖሬ ቤዛን አላውቃትም? እኚህ ሴት ማን እንደሆኑ እንጃ። እንግዳ ናቸው፤ አስገቧቸው፣ ውሃ ስጧቸው። ቤዛ ግን አይደሉም።»

ባሮክ ፎቶውን አወጣ። እማማ ሄለን አንዴ አይተው መለሱለት። «ይቺም አይደለችም።»

«እንግዲያው እናቴ ምን ትመስላለች?» አለ። ትልቅ ሰው ሆኖ እንዲህ ብሎ መጠየቁ ራሱን አሳፈረው። «ይንገሩኝ፣ እማማ። እንድፈልጋት።»

እማማ ሄለን ሊነግሩት ጀመሩ። «ቤዛ... ቤዛ እኮ ያው ቤዛ ናት። ቁርጥ እናቷን። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስትቆጣ ደግሞ እንደዚህ...» ፊታቸውን አኮማተሩ። ከዚያ ወዲያ የሚሉት ጠፋቸው። ሰው ፊት መግለጽ ከተወ ዘመን ሆኖታል። «ባያት እነግራችሁ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አምጧት፣ እነግራችኋለሁ።»

ኤልዳና በዚያው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለች። ፎቶው የእማማ ቤዛ እንዳልሆነ፣ የተገኙት ሴት የጉንጩ ባለቤት ሊሆኑ እንደሚችሉ አስረዳች። የመለሰላት ድምፅ ትሁት ነበር። ወይዘሮ ቤዛዊት ተገኝተዋል፤ የተገኘ ሰው አይፈለግም። ሌላ ሰው ጠፍቶ ከሆነ ፎቶውን ይዛ ትምጣ።

«ፎቶው እኮ ነው የጠፋው!» አለች። ድምፁ አመስግኗት ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት እየሮጠች ግቢው ውስጥ ገባች። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ናት። ከዓሣ ገበያው ሰዎች ሰምታ ነው።

«አያቴን ማን አምጡ አላችሁ? በየቀኑ እዚያ ድንጋይ ላይ ነው የምትቀመጠው! ጠፋች ብዬ ባመለክት ተገኝታለች ይሉኛል፤ የት ስል የማላውቀው ሰው ቤት!» አሮጊቷን አቀፈቻቸው። አሮጊቷ ግን የባሮክን እጅ አልለቅ ብለው ነበር። ልጅቷ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች። ባሮክ ባዶ እጁን እያየ ቀረ።

ኤልዳና ከግቢው ወጥታ ስትሄድ አንድ ነገር ታሰባት። እስካሁን የተጠቆሙት ሁሉ ፎቶውን የመሰሉ ናቸው። ፎቶውን ያልመሰለች አሮጊት መንገድ ዳር ብትቀመጥ ማን ይጠቁማታል?

ሐሩሩ ሲበረታ ከተማው ማረፊያ የሌላቸውን ሰዎች ወደ ጥላ ቤቶች ያስገባል። ኤልዳና ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከአንዱ ጥላ ቤት ወደ ሌላው ሄደች። ማን እንደሆነች መናገር ያቃታት፣ ዘመድ ያልመጣላት ሴት ባገኘች ቁጥር ፈቃድ ጠይቃ ካሜራውን ታነሣለች። ካሜራው በረጋ ድምፅ ይናገራል፦ «አቻ ተገኝቷል። ይታደስ?»

«አይታደስ» ትላለች።

«ትኩስ ፎቶ ሐይቁን ይጎዳል። ይታደስ?»

«አይታደስ።»

በመጀመሪያው ሰው አየኝ ይሆን ብላ ዙሪያዋን አየች። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ ፊቶቹ አስደነገጧት። አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። አፍንጫ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ከንፈር የተላጠ፣ አንድ ዓይን ከሌላው ያነሰ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ስታነሣ ኖራ ይህን ሳታይ የት ነበረች? ወይስ አይታ እጇ ራሱ ያስተካክለው ነበር?

ታቦር ተራራ ሥር ያለው ጥላ ቤት ተንከባካቢ ከመግቢያው አስቆማት።

«አንዲት አሉ። ቤዛዊት ነኝ ይላሉ። መጀመሪያ አምነናቸው ነበር፤ ፎቶውን ስናየው ግን እሳቸው አይደሉም። አሁን ደግሞ ያቺ ቤዛዊት ተገኝታለች ተባለ። ምስኪን፣ ስሙ ተምታቶባቸው ነው። በቀን አሥሬ እንነግራቸዋለን፣ እርስዎ ቤዛዊት አይደሉም እንላቸዋለን።»

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?»

«ሰሞኑን እሺ ማለት ጀምረዋል።»

አሮጊቷ ጥግ ካለ መደብ ላይ ኩርምት ብለዋል። ደቃቃ ናቸው፤ ፊታቸው ጠይም፣ የፊት ጥርሳቸው መሃል ሰፊ ክፍተት አለ። ኤልዳና ፊታቸው ተቀመጠች። አታውቃቸውም። ከዚህ ቀደም አይቻቸው አላውቅም ብላ ትምላለች።

«እማማ፣ እኔን ያውቁኛል?»

አሮጊቷ አትኩረው አዩዋት። «አንቺ ፎቶ አንሺዋ አይደለሽ? ደጅሽ ላይ ጊሽጣ ያለሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ምሥጢር፣ «ቤዛ አይደለሽም ብለውኛል። ማን እንደሆንኩ ገና አልነገሩኝም።»

ኤልዳና ካሜራዋን አነሣች። «አቻ ተገኝቷል» አለ ካሜራው። በሌንሱ ውስጥ የምታየው ፊት ደበዘዘባት፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ነበር። «አይታደስ» አለችው።

ፎቶ ቤቷ ስትደርስ ካሌብ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። ቢላ ይዟል። እሷም ከመንገዱ ዞር አለችለት። የቅጠሉን ጠርዝ በቢላው ፈለቀቀ፤ ለዘመናት ፀሐይ የመታው መስታወት ላይ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ጥርት ብሎ ቀረ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ሲጨርስ። ተቆጥቶ ሳይሆን ግራ ገብቶት ነበር። «በአንድ ዕለት ይህን ሁሉ ትኩስ! ሐይቁ እንዴት እንደነበር ረሳሽው? አባቴ ጀልባውን ፈልጦ እንጨቱን ሲሸጥ አንቺም አይተሻል።»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ?»

«እንጃ ካሌብ። ሐይቁም እውነት ነው። ሴትዮዋም እውነት ናቸው። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ አላውቅም።»

ካሌብ ቅጠሉን በኪሱ ከተተ። «እኔም አላውቅም» አለና ብስክሌቱን ገፍቶ ሄደ።

ፎቶዎቹን በቃጫ ወረቀት ላይ አትማ ወደ እማማ ሄለን ወሰደች። እማማ ሄለን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ አዩ። «አይደለችም። ይቺም አይደለችም። ይቺ ደግሞ እንዴት ያሳዝናል ዓይኗ... አይደለችም።» ከዚያ እጃቸው ቆመ። ጥርሳቸው ክፍተት ያለባቸውን ሴት አዩ፤ አዩና ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ቤዛዬ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

ባሮክ ወረቀቱን ከእጃቸው ወስዶ አየ። ምንም አላወቀም። እናቱን እያየ እናቱን አላወቃትም። «እርግጠኛ ነዎት?» ሊል አፉን ከፍቶ የእማማ ሄለንን ዕንባ ሲያይ ዋጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ከጥላ ቤቱ አወጧቸው። ተንከባካቢው ማኅደሩን ትቶ በጎረቤት ምስክርነት ሰው ማስረከብ አልለመደም ነበር፤ ከኤልዳና ጋር ብዙ ከተጨቃጨቀ በኋላ እጁን አራገበና ለቀቃቸው። ግቢያቸው ሲደርሱ እማማ ሄለን ከደጃፋቸው ሆነው እልል አሉ። እማማ ቤዛ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። ባሮክ ይህን አየ፤ ስለዚህ ነገር ተነግሮት ነበር።

ከበሩ ሥር ጥላው ላይ አስቀመጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ባሮክ።»

እማማ ቤዛ ገልመጥ አድርገው አዩት። «ባሮክማ ያውና» አሉ በክፍቱ በር ወደ ግድግዳው እያመለከቱ። ግድግዳው በባሮክ ፎቶዎች ተሞልቷል፤ በየዓመቱ ከአፋር የላካቸው ናቸው። ጢሙ ጥቁር፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ትከሻው የተዘረጋ ሰው ከሁሉም ላይ ፈገግ ብሏል። ባሮክ ብዙ አየው። ያ ትከሻ የማን እንደሆነ አያውቅም።

«የላክሁልሽ ጋቢ ይሞቅሻል?» አላቸው በመጨረሻ። በስልክ ሁልጊዜ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነበር።

ፀሐይ መጥታ ፊታቸው ላይ አርፋ ነበርና እማማ ቤዛ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንደ ጨፈኑ ፊታቸው በራ። «ባሪዬ! ይሞቀኛል ልጄ፣ እንዴት አይሞቀኝ! እንጀራ ይበቃሃል? እንቅልፍ ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ እማዬ።»

«መቼ ነው የምትመጣልኝ?»

ባሮክ ወደ ኤልዳና ቀና አለ። ኤልዳና አንገቷን አቀረቀረች። «መጥቻለሁ እኮ» አለ።

እማማ ቤዛ ዓይናቸውን ገለጡ። የሸበተውን፣ በሙቀት የጠቆረውን ሰው አዩ፤ ደስታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ደግነቱ ግን ቀረ። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አሉት። «ከዚያ ቤት ያወጣኸኝ አንተ ነህ፣ አይደል? እግዜር ይስጥህ።» ወደ ኤልዳና ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ካሜራሽን ይዘሻል? እስቲ ከዚህ ሰው ጋር አንሺኝ። ልጄ ሲመጣ ማን እንደረዳኝ ላሳየው።»

ኤልዳና ካሜራውን አነሣች። ካሜራው ጠየቃት፤ መለሰችለት። ሁለቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማን ማንን እንደሚመስል ለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም።

እማማ ቤዛ የእንግዳውን ኮሌታ በእጃቸው አስተካከሉለት። ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት።

«ቀና በል እንጂ» አሉት። «ልጄ ያይሃል።»

ባሮክ ቀና አለ።